የነጂማ መስመር

ይህን ነገር እስካሁን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ልደታ ማርያም ደጅ ቆሜ ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ ደርሶ መልሼ ውጬዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ድምፄ ይርበተበታል፣ እንባ ይቀድመኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ያደረግኩትን አውቃለሁ። ሳደርገውም አውቅ ነበር። አውቆ ያጠፋ ሰው ቢያንስ አጥርቶ መናገር አለበት።

ስሜ ፍሬሕይወት ነው። ሥራዬ ህትመት ነው፤ የመጽሐፍ ሳይሆን የሥዕል ህትመት። ጣውላ በመሮ እፈለፍላለሁ፣ ቀለም በሮለር አስኬድበታለሁ፣ ወረቀት አነጥፍበትና ጀርባውን በማንኪያ አሻለሁ። ወረቀቱ ሲገለጥ የተፈለፈለው ቦታ ነጭ፣ የተረፈው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሥራ ስም አግኝቻለሁ። ሥዕሎቼን ያየ ሰው አይረሳቸውም፤ አንድ ጥቁር ቅርጽ፣ አንድ ነጭ መስመር፣ ሌላ ምንም። ሰው መጀመሪያ ሲያያቸው ይስቃል። «ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ» ይላል። ግን አይሄድም። እዚያው ቆሞ ይቀራል፣ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ትከሻው ይወርዳል። ብዙ ነገር ከሚጮህበት ከተማ የመጣ ዐይን አንድ ነገር ብቻ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ የጀመረችው እሷ ናት ይሉኛል። በጋዜጣ ተጽፏል፣ በሬዲዮ ተነግሯል፣ እኔም አንገቴን ነቅንቄ ተቀብያለሁ።

የጀመረችው ነጂማ ናት። እኔ ሰረቅኋት።

ነጂማን ያወቅኳት ሥዕል ትምህርት ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ነበርን። እኔ የልደታ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እሷ የጌጃ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ከድር ከወልቂጤ በኩል መጥተው ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ተመርቀን ስንወጣ የምንሠራበት ቦታ አልነበረንም። ጋሽ ከድር ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን መጋዘን አጸዱልንና «በሉ እዚህ ጥረቡ» አሉን። ኪራይ የሚባል ነገር አላነሱም። ቁልፉን አስቀርጸው አንዱን ለልጃቸው፣ አንዱን ለእኔ ሰጡ። ልብ በሉልኝ፤ ለእኔም ሰጡኝ።

ያን ጊዜ ከእሷ የተሻልኩ ሠዓሊ እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ መምህራኖቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነበር። እጄ ያዘዝኩትን ይሠራል። በአንድ ጣውላ ላይ ገበያ፣ ፈረሰኛ፣ ጃንጥላ፣ ዐይናቸው የፈጠጠ መላእክት፣ ደጀ ሰላም የቆመ ሕዝብ፣ ሁሉንም አጭቅ ነበር። ጋሽ ከድር ለቁርስ እረፍት ሲገቡ የእኔን አይተው «ማሻአላህ፣ ሥዕል እንዲህ ነው» ይላሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው ደግሞ «የአንቺስ? ቀለም አለቀብሽ እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። ነጂማም አብራቸው ትስቃለች። ነጂማ የምትስቀው ከልቧ ነው።

እሷ ቀን በቀን ትቀንስ ነበር። መጀመሪያ ሰዎቹን አወጣች፣ ቀጥሎ ቤቶቹን፣ ቀጥሎ አድማሱን። አንድ ቀን ሥራዬን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና «ፍሬ፣ ባዶ ቦታ ያስፈራሻል አይደል?» አለችኝ። በፍቅር ነበር ያለችኝ። እኔ ግን ነገሩን ይዤ አደርኩ።

ከዚያ ያ መስመር መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ውጭ የብርድ ልብስ ጭነት እየወረደ ሰው ይጯጯሃል። ነጂማ ወረቀቱን ከጣውላው ላይ ቀስ ብላ ገለጠችው። አንድ ትልቅ ጥቁር ቅርጽ፣ በላይ በኩል በትንሹ የጎበጠ፣ እንደተቀመጠ ሰው ጀርባ። በመካከሉ ከግራ የተነሳ ቀጭን ነጭ መስመር ይሄድ ይሄድና ዳር ሳይደርስ ይቆማል።

«ለምን አልጨረስሽውም?» አልኳት።

«አልቋል እኮ።»

«ጫፍ አልደረሰም።»

«ዐይንሽ ያደርሰዋል» አለች። «እኔ ካደረስኩት ዐይንሽ ምን ሥራ አለው?»

እውነት ነው፤ ዐይኔ አደረሰው። አንዴ ካደረሰው በኋላ እንደገና ማድረስ ፈለገ። በሕይወቴ የጠረብኳቸው ፈረሰኞችና መላእክት ሁሉ ተደምረው ያንን አያህሉም ነበር። ይህን በዚያች ሰዓት፣ እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። ምን አልኳት? «ጥሩ ጅምር ነው» አልኳት። ቅናት ነበር? አዎ፣ ቅናት ነበር። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ነጂማ በዚያ መንገድ ተከታታይ ሥራ ሠራች። አንዱ ከአንዱ በትንሹ ይለያል፤ ቅርጹ ይቀጥናል፣ መስመሩ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዱ ላይ መስመሩ ገና ሲጀምር ይቆማል። አትማ ገመድ ላይ አሰጣቻቸው፤ የዘይት ቀለም ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። በዚህ መሃል አያቷ ታመው እናቷን ይዛ ወልቂጤ መሄድ ግድ ሆነባት። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ሲደርቁ አውርጂልኝ፣ እሺ?» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።

እኔ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ የሥዕል አዳራሽ ያላቸውን አንዲት ሴት ሥራዬን እንዲያዩልኝ ስለምን ከርሜ ነበር። ወይዘሮ ሶስና ይባላሉ። ነጂማ በሄደች በመጀመሪያው ሳምንት መጡ። ሥራዎቼን አንድ በአንድ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው «ጎበዝ ነሽ፣ እጅሽ ይችላል» አሉኝ። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ይህ ሙገሳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። አልፈለግሁትም ማለት ነው። ቦርሳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ገመዱ ጋ ደረሱና ቆሙ።

ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ጀርባቸው ወደ እኔ ነው፤ ግን አተነፋፈሳቸው ሲለወጥ ይሰማኛል።

«ይሄስ?» አሉ። «ይሄ የማነው?»

ምን ይከብድ ነበር? «የነጂማ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ጓደኛዬ ናት፣ ለጊዜው የለችም፣ ስትመጣ አገናኛችኋለሁ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ማንም በግንባሬ ላይ መሣሪያ አልደገነም። አልተራብኩም፣ አልተቸገርኩም። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም ብዬ ልዋሽም አልችልም፤ ነበረኝ። አስቤበት አልኩ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ሶስና ዞረው ሳቁ። «ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ደብቀሽ ነው ያንን የምታሳዪኝ?» እኔም ሳቅኩ። አብሬ ሳቅኩ።

አንድ ቃል ነው ብላችሁ እንዳታቀሉልኝ። ቃሏ ብቻዋን አልቀረችም። ወይዘሮ ሶስና ለዐውደ ርእይ አዳራሹን የሚሞላ ያህል ጨምሪ ስላሉኝ የነጂማን ጣውላዎች አውጥቼ በላያቸው አተምኩ። መጀመሪያ አልሆነልኝም። ቀለም አበዛሁ፣ አጥብቄ አሸሁ፣ ነጩ መስመር ተደፈነ። ማንኪያውን እንዴት ትይዘው እንደነበር፣ መስመሩ ጋ ስትደርስ እጇን እንዴት ታቀለው እንደነበር አስታወስኩና እጇን በእጄ ላይ አደረግኩ። ያኔ ወጣልኝ። ስርቆቴን እንኳ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚያ እርሳስ አንስቼ ከእያንዳንዱ ሥር ስሜን ፈረምኩ።

መኪና የመጣ ቀን ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ለሠራተኛ ትተው ሊያግዙኝ መጡ። ፍሬሞቹ እንዳይፋተጉ ከራሳቸው ሱቅ ብርድ ልብስ አምጥተው በመሃል በመሃል አደረጉልኝ።

«የነጂማንም ይዘሽላታል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ ከድር፣ የእሷም አለ።»

«አላህ ይስጥሽ ልጄ። እህት ማለት እንዲህ ነው።»

ይህን ምርቃት ተቀበልኩ። አሜን አልኩ።

ነጂማ እንደምትመለስ አላውቅም ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ታዲያ ምን ተማምኜ ነው? በደግነቷ ተማምኜ ነው። ሰው ፊት አታዋርደኝም ብዬ ነው። ከሰረቅኋት ነገር ሁሉ በላይ ይሄ ይከፋል፤ መልካም ጠባይዋን እንደ መሸሸጊያ ቆጠርኩት።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ሶስና ክንዴን ይዘው ከሰው ሰው ያዞሩኛል። ወደ በሩ ስዞር ጋሽ ከድርን አየሁ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። የልጃቸውን ስም ግድግዳ ላይ ሊያዩ ነው የመጡት። ነጂማ አጠገባቸው ነበረች፤ ከወልቂጤ የተመለሰችው የዚያኑ ዕለት ነው፣ ፊቷ ላይ የመንገድ ድካም አለ። የሰማችው ከአባቷ ነበር። «ፍሬ የአንቺንም ወስዳ ሰቀለችልሽ» ብለዋታል። ለእኔ ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ። ፈገግ ብላ ነበር።

ጋሽ ከድር ከመጀመሪያው ሥዕል ፊት ቆመው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «ፍሬሕይወት።» ወደሚቀጥለው ሄዱ። «ፍሬሕይወት።» ወደሚቀጥለው። ሰው እየዞረ ያያቸዋል። የነጂማ ፈገግታ ሲጠፋ አየሁ፤ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፣ ቀስ እያለ ነው የጠፋው። ሽማግሌው አዳራሹን ጨርሰው ወደ እኔ መጡና፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣

«ልጄ፣ የነጂማው የታለ?» አሉኝ።

«ጋሽ ከድር፣ በኋላ እናውራ።»

«እኔ እኮ በእጄ ነው የጫንኩት» አሉ። «የልጄን ሥራ አውቀዋለሁ እኮ። ይሄ የልጄ ነው።»

ወይዘሮ ሶስና እኔን አዩኝ። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። ሁለተኛ ዕድል ማለት ይህ ነበር፤ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ አፌን ይጠብቃል። እኔ ፈገግ አልኩና «የጓደኛዬ አባት ናቸው፣ ትንሽ ተምታቶባቸው ነው» አልኩ።

ነጂማ የአባቷን ክንድ ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። አልጮኸችም።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ነጂማ፣ መስመር እኮ ነው። ጥቁር ቅርጽና ነጭ መስመር የማንም ነው። የእኔ ነው ብትዪ ማን ያምንሻል?»

አዎ፣ ይህን አልኩ። ፈረሰኛና መላእክት ብሰርቅ ኖሮ ይታወቅብኝ ነበር፤ የሰው እጅ ይለያል። ቀላል ነገር ግን ምስክር የለውም። ሁሉም ሰው ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ ይላል። ይህን አውቄ ነው ያልኳት። የሥራዋን ውበት እሷኑ ለማፈን ተጠቀምኩበት።

«እኔ ማን ያምነኛል አላልኩም» አለች ነጂማ። «አንቺ ታውቂያለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

ይህን ብላ ገባች፣ አባቷን አስነሳች፣ ይዛቸው ወጣች። በሩ ላይ ጋሽ ከድር ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም። ሰው የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነው ያዩኝ።

ከዚያ በኋላ ነጂማ መሮ አልያዘችም። ጣውላዎቹን ፈልጣ ለማገዶ ሰጠቻቸው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሌላ ቤት ተከራየሁ፣ ሌላ ጣውላ ገዛሁ፣ በእሷ መንገድ ቀጠልኩ። ዓመታት ሲያልፉ መንገዱ የእኔም ሆነ። ይህንንም አጥርቼ ልናገር፤ ኋላ የሠራኋቸው የእኔ ናቸው፣ በብዙ ድካም የመጡ ናቸው፣ አላፍርባቸውም። በዚያ አዳራሽ የተሰቀሉት ግን አንዱም የእኔ አይደለም። ተማሪዎች «መስመሩን የት እንደምታቆሚው በምን ታውቂያለሽ?» ሲሉኝም «ዐይናችሁ ያደርሰዋል» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። አጨብጭበውልኛል። ቃሏንም ወስጃለሁ ማለት ነው።

አንድ ሰፈር ነው የኖርነው። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ እነሱ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ የእኔ ቤት ከዚያ ማዶ ነው። መንገድ ላይ ሳያት እንዳንገናኝ ሱቅ እገባ ነበር። አንድ ጊዜ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ቦታ የነበረው እዚያ ብቻ ነው። አላየችኝም አልልም፣ አይታኛለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ከአፏ የሰማሁት «ወራጅ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ጋሽ ከድር ሲሞቱም ሰማሁ። የለቀስተኛውን ድንኳን ከመስኮቴ አየዋለሁ። አልሄድኩም።

አሁን ያ አዳራሽ የብዙ ዓመት ሥራዬን በአንድ ላይ ሊያሳይ ነው። ወይዘሮ ሶስና የሉም፤ ቦታውን የያዘችው ልጃቸው ናት። ባለፈው ደወለችልኝና «እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ከገዙት ሰዎች ተውሰን መግቢያው ላይ እንሰቅላቸዋለን። ስለ አጀማመርሽ ምን ብለን እንጻፍ?» አለችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። በማግስቱ ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ የነጂማን በር አንኳኳሁ።

እሷ ራሷ ከፈተችልኝ። ሸብታለች። አሁን ሕፃናት ታስተምራለች። ማን ነው አላለችም፣ ምን ፈለግሽ አላለችም።

«ግቢ» አለችኝ።

ቆሜ ተናገርኩ። ስሟን ከሥዕሎቹ ሥር እንደማስጽፍ፣ ለባለ አዳራሿ ሁሉን እንደምናገር ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሰጠኋት እንዳትዪ» አለች። «ወሰድኩባት በዪ።»

«እላለሁ።»

«በአፍሽ አይደለም። በአፍ የተባለ ነገር ሲውል ሲያድር ይለዝባል። ጻፊው። የሚመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ ያንብበው። ደግሞ አታስጊጪው፣ ታውቂበታለሽ።»

«እሺ።»

«የመክፈቻው ቀን ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ አትምጪ።»

«አልመጣም።»

ይህን ጽሑፍ በር ላይ የተቀበላችሁ ሁሉ፣ እንግዲህ እኔን አትፈልጉኝ፤ የለሁም። አዳራሹ ውስጥ ሻርፕ የለበሰች፣ ከልጆቿ ጋር የቆመች ሴት ካያችሁ ስለ እኔ አትጠይቋት። ስለ መስመሩ ጠይቋት።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ብዙ ሰው ወጣት ሆኖ አልሰረቀም። ሥራው በእኔ በኩል ለሰው ደረሰ አልልም፤ በእሷ በኩል ይደርስ ነበር፣ ምናልባት ከዚህ በተሻለ። የነጂማን ሥራ የእኔ ነው አልኩ። አባቷን ሰው ፊት ተምታቶባቸዋል አልኩ። እነዚህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ይቅርታ አልጠየቅሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጠይቄያታለሁ፤ ያኑ ጠዋት፣ እዚያው ቤቷ። ነጂማ ሻይ ቀድታልኝ ፊቴ አስቀምጣለች፤ እኔ ገና አልነካሁትም።

«አባባ ሲሞት ሰምተሽ ነበር?» አለችኝ።

«ሰምቼ ነበር።»

«ሰምተሽ ነው የቀረሽው?»

«ሰምቼ ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። «ነጂማ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ወደ እኔ ስትመለስ ዐይኗ ደርቆ ነበር።

«አልችልም» አለች። «ለሥዕሉ ቢሆን ምናልባት እችል ነበር። ለአባባ አልችልም።» ከዚያ ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ሻይሽን ግን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጠጣሁ።